የጠጣር አካላት ባሕርያትና ስያሜዎቻቸው፦ «ጥንካሬ» ስለሚለው ቃል የቀረበ ታሪካዊ ሐተታ

መግቢያ

የሳይንስ መጽሐፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ስለ መስተዋት የተጻፈ አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር አጋጠመው እንበል። በመጀመሪያው ቋንቋ ሁለት የተለያዩ ቅጽሎች አሉ፤ አንደኛው መስተዋት በቀላሉ የማይጫር መሆኑን፣ ሁለተኛው ደግሞ ሲጎትቱት ወይም ሲያጎብጡት ብዙ ጭነት የማይችል መሆኑን ይገልጻል። ተርጓሚው ለሁለቱም በእጁ ያለው ቃል «ጠንካራ» ብቻ ከሆነ የሚወጣው ዐረፍተ ነገር «መስተዋት ጠንካራ ነው፤ ይሁን እንጂ ጠንካራ አይደለም» የሚል ይሆናል።

እንዲህ ያለው ጽሑፍ በተርጓሚው እጅ ከሁለት ዕጣዎች አንዱ ይደርሰዋል። ከቅጽሎቹ አንዱ ቢጣል አንባቢው ግማሹን እውነት ብቻ ይዞ ይቀራል፤ ሁለቱ በአንድ ቃል ቢጠቀለሉ ደግሞ ጽሑፉ ራሱን በራሱ ያፈርሳል። በቅኔም ሆነ በስብከት ይህ ያን ያህል አይጎዳም። ጠንካራ ልብ፣ ጠንካራ ክንድ፣ ጠንካራ ድንጋይ ስንል ሰሚው እንደየአገባቡ ይረዳዋል። የድልድይ ብረት፣ የውሃ ቧንቧ ወይም ለተሰበረ አጥንት መጠገኛ የሚሆን ብሎን የሚመርጥ ባለሙያ የሚያነበው መመሪያ ግን በግምት ሊነበብ አይችልም።

ይህ ጽሑፍ ጠጣር አካላት የሚታወቁባቸው ዋና ዋና ባሕርያት በአውሮፓ ቋንቋዎች ስያሜያቸውን እንዴት እንዳገኙ በአጭሩ ከተመለከተ በኋላ፣ ከዚያ ታሪክ ለአማርኛ የስያሜ ሥራ የሚገኘውን ትምህርት ለማመልከት ይሞክራል። ዋናው ሐሳባችን የሚከተለው ነው። እነዚያም ቋንቋዎች እንደ አማርኛ በጥቂት የዘወትር ቃላት ሁሉን ይገልጹ ነበር፤ ቃላቱ የተለያዩት የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ስለተራቀቁ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ባሕርይ የራሱ መለኪያ ስለተገኘለት ነው። ስለሆነም ስያሜ ስንመርጥ አስቀድመን ልንጠይቅ የሚገባን «የእንግሊዝኛው ቃል በአማርኛ ምን ይባላል?» ብለን ሳይሆን «ይህ ባሕርይ በምን ይለካል?» ብለን ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» የሚል ምልክት ካልተጨመረባቸው በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. አልማዝና መዶሻ

ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ (ከ23 እስከ 79) ስለ ተፈጥሮ ባዘጋጀው ሰፊ ድርሳን፣ በ37ኛው መጽሐፍ፣ ስለ አልማዝ ሲናገር፣ ደንጊያውን በመስፍ ላይ አድርገው በመዶሻ ቢመቱት መዶሻውና መስፉ ይሰበራሉ እንጂ እርሱ አይነካም፤ የሚያሸንፈውም ትኩስ የፍየል ደም ብቻ ነው ይላል። ይህ አባባል ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲተላለፍ ኖሯል። ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍ የግሪክኛ ምንጭም ስለዚሁ ደንጊያ የሚናገር ክፍል አለው።

ነገሩ ሲፈተን እውነቱ ሌላ ነው። አልማዝ ሌላውን ማዕድን ሁሉ ይጭራል፤ እርሱን ግን ከራሱ በቀር የሚጭረው የተፈጥሮ ማዕድን የለም። ነገር ግን በተወሰኑ አቅጣጫዎች ስለት አስጠግተው በመጠኑ ቢመቱት ለሁለት ይሰነጠቃል። የአልማዝ ጠራቢዎች ትልቁን ደንጊያ የሚከፍሉት ለብዙ ዘመን በዚሁ ዘዴ ነበር። መዶሻ ቢያርፍበትም የሚደቀው አልማዙ እንጂ መዶሻው አይደለም።

ታዲያ ስሕተቱ ከየት መጣ? ለቋንቋ ሊቅ መልሱ ሩቅ አይደለም። የግሪክኛው ስም «አዳማስ» የአፍራሽ ቅድመ ቅጥያ ካለው ሥር የወጣ ሲሆን ትርጉሙ «የማይገራ፣ የማይሸነፍ» ማለት ነው። ዐረብኛው «አልማስ» ከዚሁ የመጣ ነው፤ የእኛም «አልማዝ» በዐረብኛው በኩል የደረሰን ነው። ስሙ ራሱ «በማናቸውም መንገድ አይሸነፍም» የሚል ፍርድ ስለያዘ፣ አለመጫርና አለመሰበር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለመጠየቅ ቦታ አልተወም። ቃል ሐሳብን ከመግለጹ በፊት ሐሳብን ሊዘጋ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ለማግኘት ይቸግራል።

2. ከጥንታውያን የተወረሰው

ጥንታውያን ሁሉ ግን ልዩነቱን አልዘነጉም። በአርስጣጣሊስ ስም የሚታወቀው የአየር ክስተቶች መጽሐፍ በአራተኛው ክፍሉ አካላት የሚለያዩባቸውን 18 ጥንድ ባሕርያት ይዘረዝራል። ከእነዚህም መካከል የሚቀልጥና የማይቀልጥ፣ የሚታጠፍና የማይታጠፍ፣ የሚቀጠቀጥና የማይቀጠቀጥ፣ የሚሰነጠቅና የማይሰነጠቅ የሚሉት ይገኛሉ። በተለይ ለእኛ የሚጠቅመው ደራሲው በሁለት ዓይነት ስብራት መካከል ያደረገው ልዩነት ነው። አንዱ በትላልቁ ለሁለት መከፈል ነው፤ ሌላው ወደ ብዙ ስብርባሪ መበተን ነው። እንጨት የመጀመሪያው እንጂ ሁለተኛው የለውም፤ ድንጋይና በረዶ ሁለተኛው እንጂ የመጀመሪያው የላቸውም፤ የሸክላ ዕቃ ግን ሁለቱም አለው ይላል።

አማርኛ ይህን ልዩነት የሚገልጸው በግሱ አወቃቀር ነው። «ተሰበረ»፣ «ተሰባበረ» እና «እንክትክት አለ» ሦስት የተለያዩ ድርጊቶች ናቸው። የበትር መሰበርና የብርሌ መንኮታኮት ለአማርኛ ተናጋሪ ከቶ አንድ ሆነው አያውቁም። በዚህ ረገድ የቋንቋችን ሀብት ያለው በስሞቹ ሳይሆን በግሶቹ ነው።

በሀገራችን የቤተ ክህነት ትምህርትም መሬት፣ ውሃ፣ ነፋስና እሳት አራቱ ባሕርያት ተብለው ሲቈጠሩ፣ ይብሰትና ርጥበት፣ ውዕየትና ቁረት የእነርሱ መታወቂያ ሆነው ይነገራሉ። የመሬት ዕጣ ይብሰትና ቁረት ነው። ለጠጣርነት የሚቀርበው ይብሰት፣ ማለትም ደረቅነት ነው፤ በግሪኮቹም ዘንድ ደንዳናነት ከደረቅነት የሚመነጭ ሆኖ ይታሰብ ነበር። ዛሬም «ደረቅ እንጨት» ስንል ውሃ የሌለበት ማለታችን ብቻ አይደለም፤ ሲታጠፍ የሚሰበር ማለታችንም ነው። «ደረቅ ሰው» የሚለው አነጋገር ደግሞ ይህንኑ ወደ ጠባይ ያሻግረዋል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው «ባሕርይ» የሚለው ቃል ራሱ ቦታ መለወጡ ነው። በቀድሞው ትምህርት ባሕርይ የሚባለው ነገሩ፣ መሬቱ ወይም እሳቱ ነበር፤ በዛሬው የሳይንስ አማርኛ ግን የነገሩ መታወቂያ ሆኗል። የጥንቱን ጽሑፍ ለዛሬ አንባቢ የሚመልስ ሰው ይህን ካላስታወሰ ይሳሳታል።

3. ከስብራት ወደ መለጠጥ

የጥንታውያኑ ዝርዝር አስተዋይ ቢሆንም ቍጥር አልነበረውም። ቍጥር የገባው ጋሊሌዮ በ1638 በላይደን ከተማ ባሳተመው ስለ ሁለት አዳዲስ የዕውቀት ዘርፎች በሚናገረው መጽሐፍ ነው። ከሁለቱ የመጀመሪያው ጠጣር አካላት ስብራትን የሚቋቋሙበት ኃይል ነበር። ጋሊሌዮ አንድ ጫፉ በግንብ ውስጥ የተተከለ፣ በሌላው ጫፉ ክብደት የተንጠለጠለበት ወጋግራ አስቦ፣ የሚሸከመው ክብደት ከወጋግራው ቁመት፣ ስፋትና ርዝመት ጋር እንዴት እንደሚዛመድ መረመረ። ዝርዝር ስሌቱን የኋላ ሊቃውንት አርመውታል፤ ጥያቄው ግን ጸንቷል። ከዚያ በኋላ «ጠንካራ» ማለት ከመሰበሩ በፊት ይህን ያህል የሚሸከም ማለት ሊሆን ቻለ።

ሁለተኛው እርምጃ የሮበርት ሁክ ነው። ሁክ በ1676 ግኝቱን እንዳይነጠቅ በ14 ፊደላት በተዘበራረቀ እንቆቅልሽ መልክ አሳተመው፤ በ1678 ደግሞ ፈታው። ፍቺውም በላቲን ቋንቋ የተሰጠ ሆኖ፣ የሞላ መለጠጥ መጠን ከሚጎትተው ኃይል ጋር እኩል ይሄዳል የሚል ነው። በዚህ የላቲን ሐረግ ውስጥ «ቴንሲዮ» የሚለው ቃል መርዘምን፣ ማለትም ውጤቱን ይገልጻል። ከዚሁ ሥር የወጡት የኋለኞቹ ቃላት ግን በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች የሚጎትተውን ኃይል፣ ማለትም ምክንያቱን ለመግለጽ ዋሉ። ቃሉ ከውጤት ወደ ምክንያት ተሻገረ። የድሮ ጽሑፍ የሚተረጉም ሰው በአንዱ ፈንታ ሌላውን ቢያስገባ ሕጉን ከሥሩ ይገለብጠዋል።

«ኤላስቲክ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ተጉዟል። ከግሪክኛ «መንዳት፣ መግፋት» ከሚል ግስ የወጣ ሲሆን፣ በ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ፔኬ በ1651፣ ቀጥሎም እንግሊዛዊው ሮበርት ቦይል በ1660 የዚሁ ቤተሰብ የሆነውን ቃል የተጠቀሙበት የታመቀ አየር ወደ ውጭ የሚገፋበትን ጠባይ ለመግለጽ ነበር። ወደ ጠጣር አካላት የተሻገረው ቀስ በቀስ ነው።

ከዚህ ቤተሰብ አንዱ አባል በከተማ አማርኛ ውስጥ ይገኛል፤ እርሱም «ላስቲክ» ነው። የቃሉ ዕጣ ግን አስገራሚ ነው። ላስቲክ የምንለው ስስ መሸፈኛ ጎትተው ቢለቁት ወደ ቀድሞ መጠኑ አይመለስም፤ እንደተለጠጠ ይቀራል። የፊዚክስ ሊቃውንት ይህን ጠባይ «ፕላስቲክ» በሚለው ተቃራኒ ቃል ይጠሩታል። ቃሉም ሸክላን በእጅ ከመቅረጽ የተወሰደ ነው። በአንጻሩ የመኪናው «ሞላ» እና «ባሌስትራ»፣ ሁለቱም ከጣልያንኛ የመጡ፣ በትክክል ተመላሽ የሆኑ ነገሮች ስሞች ናቸው። ባሌስትራ በጣልያንኛ የቀስት መሣሪያ ስምም ነው፤ የጎበጠ ነገር ወደ ቦታው ሲመለስ ኃይል እንደሚሰጥ የቀስት ሠሪዎችና የመካኒኮች ቋንቋ ከሁክ ጋር ይስማማል። ስለዚህ የሳይንሱን ቃል ከገበያው ቃል ጋር በድምፅ መመሳሰል ብቻ ማገናኘት አደገኛ ነው።

4. ምክንያትና ውጤት ሁለት ስም ሲያገኙ

ቶማስ ያንግ በ1807 ባሳተመው የትምህርት ጉባኤ ስብስብ የአካላትን ግትርነት በአንድ ቍጥር ለመግለጽ ሞከረ። ይህ ሰው ለቋንቋ ሊቃውንትም እንግዳ አይደለም፤ የሮዜታን ደንጊያ ጽሑፍ ለመፍታት ከደከሙት አንዱ ነው፤ «ኢንዶ አውሮፓዊ» የሚለውንም የቋንቋ ቤተሰብ ስያሜ በ1813 ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀመ እርሱ ነው። ሆኖም የራሱ የመለኪያ ብያኔ ጨለማ የበዛበት ስለነበር አንባቢዎቹን አስቸግሯል። ዛሬ በስሙ የሚጠራው መለኪያ መልኩን ያገኘው በኋላ ሊቃውንት እጅ ነው።

ከያንግ ቀጥሎ ፈረንሳዊው ኦጉስተን ሉዊ ኮሺ በ1820ዎቹ በአካል ውስጥ ባለ በእያንዳንዱ ስፋት ላይ የሚያርፈውን ኃይል በሒሳብ ቋንቋ አስቀመጠ። እንግሊዝኛ ግን እስከ 19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ «ስትሬስ» እና «ስትሬይን» የሚሉትን ሁለት የዘወትር ቃላት እያቀያየረ ይጠቀም ነበር። ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ዊልያም ራንኪን በ1850ዎቹ የመጀመሪያውን ለውስጣዊው ኃይል፣ ሁለተኛውን ለቅርጽ ለውጡ ለይቶ ሰጠ። ልብ እንበል፤ ራንኪን አዲስ ቃል አልፈጠረም። ሁለት ተመሳሳይ ቃላትን ወስዶ ሥራ ከፋፈላቸው እንጂ።

ሌሎች ቋንቋዎች በሌላ መንገድ ሄደዋል። ጀርመንኛ ለኃይሉ «ሽፓኑንግ» አለ፤ ይኸውም ከመወጠር የወጣ ነው። ዐረብኛ ለኃይሉ «ኢጅሃድ»፣ ለለውጡ «ኢንፊዓል» አለ። የመጀመሪያው ከጥረትና ከድካም ሥር፣ ሁለተኛው ደግሞ «የድርጊት ተቀባይ መሆን» ከሚለው ከጥንቱ የፍልስፍና ቃል የተወሰደ ነው። ኢንፊዓል በዕለት ንግግር የስሜት መናወጥን ይገልጻል፤ መሐንዲሶቹ ግን በዚህ አልተደናገሩም። የተርጓሚ ስጋት ብዙ ጊዜ ከአንባቢው መደናገር ይበልጣል።

5. የመጫር ልኬት

አለመጫርን ከአለመሰበር የለየው ሥራ የማዕድን ሊቃውንት ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሪኽ ሞስ በ1812 አሥር ማዕድናትን በተራ አሰለፈ፤ ታልክ 1፣ ጂፕስ 2፣ ካልሳይት 3፣ ፍሎራይት 4፣ አፓታይት 5፣ ፌልድስፓር 6፣ ኳርትዝ 7፣ ቶጳዝ 8፣ ኮረንደም 9፣ አልማዝ 10። እያንዳንዱ ከበታቹ ያለውን ይጭራል፤ ከበላዩ ባለው ይጫራል። የጣት ጥፍር ከ2 ትንሽ ይበልጣል፤ ጂፕስን ይጭራል፤ ካልሳይትን አይጭርም። ሀገራችን በብዛት ያላት ባልጩት ከ5 እስከ 6 ባለው መካከል ይገኛል። ባልጩት ስለታም የሚሆነው በቀላሉ በመሰበሩ ነው፤ ስለቱ የሚሠራው ደግሞ በቀላሉ ባለመጫሩ ነው። ቆዳ ፋቂዎች በባልጩት ሲሠሩ ሁለቱን ባሕርያት በአንድ ደንጊያ ላይ ለይተው ያውቃሉ።

የሞስ ቍጥሮች የደረጃ ቍጥሮች እንጂ የመጠን ቍጥሮች አይደሉም። በ9 እና በ10 መካከል ያለው ርቀት ከዚያ በታች ካሉት ሁሉ እጅግ ይሰፋል። ስለዚህ ለብረታ ብረት ሌላ መለኪያ አስፈለገ። ስዊድናዊው ዮሐን አውጉስት ብሪኔል በ1900 የደነደነ የብረት ጥይት በሚፈተነው ብረት ላይ ተጭኖ የሚተወውን ጎድጓዳ መለካት ጀመረ። በተለመደው ፈተና የጥይቱ ስፋት 10 ሚሊ ሜትር፣ ጭነቱም 3000 ኪሎ ግራም ነው። ከዚያ ወዲህ የሮክዌልና የቪከርስ ዘዴዎች ተከተሉ። እነዚህ ሁሉ አንድ ቃል ይጋራሉ፤ ሞስ ግን መጫርን፣ ብሪኔል መጎድጎድን ይለካል። ስለሆነም ለዚህ ባሕርይ የሚመረጠው የአማርኛ ቃል በገጽ ላይ ለሚደርስ ጥቃት አለመበገርን እንዲያመለክት፣ ስብራትን ግን እንዳያመለክት ያስፈልጋል።

6. በተረጋጋ ወደብ የተሰበረች መርከብ

እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ ስም ሳያገኝ የቆየው አራተኛው ባሕርይ ነው። እንግሊዛዊው አለን አርኖልድ ግሪፊት በ1921 ባሳተመው ጥናቱ መስተዋት በሐሳብ ሊሸከም ከሚገባው እጅግ ባነሰ ጭነት ለምን እንደሚሰበር ጠየቀ። መልሱ በገጹ ላይ ያሉት ጥቃቅን ንቃቶች ናቸው የሚል ነው። በንቃቱ ጫፍ ላይ ኃይል ይጠራቀማል፤ ንቃቱ ከተወሰነ ርዝመት ሲያልፍ ያለ ተጨማሪ ጭነት ራሱን በራሱ ያራዝማል። ግሪፊት መስተዋቱን ወደ ቀጭን ክር ሲስበው ክሩ በቀጠነ ቍጥር ለስፋቱ የሚሸከመው ኃይል እየጨመረ ሲሄድ አየ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምሳሌ ስለ ሰዎች መተባበር የተነገረ ቢሆንም፣ የአንዱ ክር ንቃት ወደ ሌላው ስለማይሻገር በቁስ አካልም እውነት ሆኖ ይገኛል።

የዚህ ባሕርይ ዋጋ በግልጽ የታየው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ጥር 16 ቀን 1943 «ስኬነክታዲ» የተባለች አዲስ የነዳጅ ጫኝ መርከብ በዩናይትድ ስቴትስ፣ በኦሬገን ክፍለ ሀገር፣ በፖርትላንድ ወደብ እንደታሰረች፣ ውሃው በተረጋጋበት ሰዓት፣ ከመርከቡ ወለል እስከ ታችኛው አካሏ ድረስ በድንገት ተሰነጠቀች። ማዕበልም ሆነ የጠላት ጥይት አልነበረም። በዚያ ዘመን በብየዳ ከተሠሩት መርከቦች ሌሎችም እንዲሁ ተሰብረዋል። ብረቱ በተለመደው የመጎተት ፈተና «ጠንካራ» ተብሎ ያለፈ ነበር፤ በቅዝቃዜ ግን ንቃትን ማስቆም የማይችል ሆኖ ተገኘ። በካምብሪጅ የነበረችው ኮንስታንስ ቲፐር ብረቱ ከተወሰነ ሙቀት በታች ሲወርድ ከተለጣጭነት ወደ ተሰባሪነት እንደሚለወጥ አሳየች። አሜሪካዊው ጆርጅ ራንኪን ኧርዊን በ1950ዎቹ ንቃትን የመቋቋም አቅምን በቍጥር የሚገልጽ ስሌት አቀረበ። ፈረንሳዊው ጆርጅ ሻርፒ ደግሞ አስቀድሞ በ1901 የሚወዛወዝ መዶሻ ናሙናውን ሲሰብር የሚያጠፋውን ጉልበት የሚለካበትን ፈተና አስፋፍቶ ነበር።

እነሆ ከአልማዙ እስከ መርከቧ ድረስ አንድ ስሕተት ተመላልሷል። በአንድ ፈተና «ጠንካራ» የተባለ ነገር በሌላም ጠንካራ ነው ብሎ ማመን ነው። ስሕተቱ በመጀመሪያው ጊዜ ተረት ወለደ፤ በመጨረሻው ጊዜ መርከብ ሰበረ።

7. ለአማርኛ የሚቀርብ ሐሳብ

በ1970ዎቹ ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተካሄደው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ቃላት ሥራ ካስተማረን ነገሮች አንዱ፣ ስያሜ በተናጠል ሳይሆን በቤተሰብ መመረጥ እንዳለበት ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ቃላት የምናቀርበው እንደ አንድ ስብስብ ነው፤ አንዱ ቢለወጥ ሌሎቹ እንደገና ሊታዩ ይገባል።

ሀ/ ጥጥረት። «ጠጠረ» ከሚለው ግስ፣ «ክብደት» እና «ድርቀት» በሚሉት ቃላት አምሳል የወጣ ሆኖ፣ ገጹ ለመጫርና ለመጎድጎድ ያለመበገር መጠን ነው። «ጠጣር» ለቁስ አካል ሁናቴ ስለዋለ መደናገር ይፈጠራል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ለሁናቴው «ጠጣርነት»፣ ለልኬቱ «ጥጥረት» ብንል ግን ሥሩ አንድ፣ ሥራው ሁለት ይሆናል። ራንኪን ያደረገውም ይህንኑ ነው።

ለ/ ጥንካሬ። ይህን ቃል መጣል አይገባም፤ ማጥበብ እንጂ። አካሉ ከመሰበሩ ወይም እስከ መጨረሻው ከመበላሸቱ በፊት በአንድ ስፋት ላይ የሚሸከመው ከፍተኛ ኃይል ይሁን። የመጎተት ጥንካሬ፣ የመጨመቅ ጥንካሬ፣ የመጎበጥ ጥንካሬ እያልን ልንዘረዝረው እንችላለን።

ሐ/ ግትርነት። በተወሰነ ኃይል ምን ያህል ትንሽ ቅርጹን እንደሚለውጥ የሚገልጽ ነው። ከጥንካሬ መለየቱ የግድ ነው። ብረት በእሳት ግሎ ውሃ ውስጥ ሲነከር ጥጥረቱና ጥንካሬው ይጨምራሉ፤ ግትርነቱ ግን ከሞላ ጎደል ያው ነው። እንደዚሁም የመስተዋትና የአሉሚንየም ግትርነት ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም ወደ 70 ጊጋ ፓስካል ይጠጋሉ። አንዱ ሲወድቅ ይንኮታኮታል፤ ሌላው ይጨረመታል። ቃሉ ለሰው ጠባይ መዋሉ ዕንቅፋት አይሆንም።

መ/ ቻይነት። አካሉ ከመሰበሩ በፊት የሚውጠውን ጉልበት፣ ንቃት እያለበትም የመቆየት አቅሙን ይገልጻል። «ጽናት» የሚለውን የሚመርጡ ይኖራሉ። ይሁን እንጂ የግዕዙ ሥር ብርታትን፣ ጥንካሬንና መቆምን ሁሉ ስለሚያቅፍ ከአንዱ የተጨናነቀ ቃል ወደ ሌላው መሸሽ ይሆናል። «ቻለ» ግን ጉዳት ተቀብሎ አለመውደቅን ይናገራል። ተቃራኒው «ተሰባሪነት» ነው። የሚሰበር ነገር ሁሉ ተሰባሪ አለመሆኑን በብያኔው ውስጥ መግለጽ ያስፈልጋል፤ ተሰባሪ የሚባለው ሳይለጠጥና ሳያስጠነቅቅ የሚሰበረው ነው።

ሠ/ ተመላሽነት። «ተለጣጭነት» ብዙ መለጠጥን እንጂ መመለስን አይናገርም። ብረት ጥቂት ይለጠጣል፤ ነገር ግን ከወሰኑ ካላለፈ በትክክል ይመለሳል። ሁክም መጽሐፉን የሰየመው ወደ ቦታው በሚመልሰው ኃይል እንጂ በመለጠጡ አልነበረም። ተለጣጭነት ሳይመለስ ለሚሳበው ጠባይ ቢቀመጥ ሁለቱም ቃላት ሥራ ያገኛሉ።

ረ/ ውጥረትና የቅርጽ ለውጥ ምጣኔ። ከበሮ፣ ድንኳንና ጠፍር ይወጠራሉ፤ የሚጨመቅ ድንጋይ ግን ተወጠረ አይባልም። ስለዚህ «ውጥረት» ለሁሉም ዓይነት ውስጣዊ ኃይል መዋሉ ቃሉን ማስፋት ይጠይቃል። የጀርመንኛው አቻ ይህን መስፋት ያለ ችግር ተሸክሞታል። ለሁለተኛው ጽንሰ ሐሳብ ረዘም ያለ ሐረግ የመረጥነው ነገሩ ምጣኔ እንጂ መጠን አለመሆኑ እንዳይዘነጋ ነው። አንድ ሜትር ዘንግ በአንድ ሚሊ ሜትር ቢረዝም ምጣኔው ከ1000 አንድ ነው፤ የራሱ መስፈሪያ የለውም።

ሰ/ ንቃት። በዛሬው አማርኛ ይህ ቃል የአእምሮ መንቃትን ስለሚያስታውስ ብዙዎች «ስንጥቅ» ማለትን ይመርጣሉ። ነገር ግን ስንጥቅ ዳር እስከ ዳር ለተከፈለ ነገር ይስማማል። ገንቦ ገዢዋ በጣቷ አንኳኩታ በድምፁ የምታውቀው፣ ዓይን የማያየው ቀጭን መለያየት «ነቃ» የሚባለው ነው። ግሪፊት የጻፈው ስለዚሁ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከትነው ታሪክ ሁለት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው፣ የዘወትር ቃል ለሳይንስ አይበቃም የሚለው አስተያየት መሠረት የሌለው መሆኑ ነው። ዛሬ በዓለም የሚሠራባቸው ቃላት ከወጠረ፣ ከገፋ፣ ከቀረጸ የወጡ ተራ ቃላት ነበሩ። ሁለተኛው፣ ተራው ቃል የሙያ ቃል የሚሆነው ወሰን ሲበጅለት ብቻ መሆኑ ነው። ወሰኑን የሚያበጀው ደግሞ ፈተናው ነው፤ መጫሩ፣ መጎድጎዱ፣ መጎተቱና በመዶሻ መመታቱ።

የከሣቴ ብርሃን ተሰማ (1951 ዓ.ም.) እና የደስታ ተክለ ወልድ (1962 ዓ.ም.) መዛግብተ ቃላት ለሥር ቃላት ፍለጋ የመጀመሪያዎቹ በሮች ናቸው። ሁለተኛው በር የቀጥቃጩ፣ የሸክላ ሠሪዋ፣ የቆዳ ፋቂውና የመካኒኩ ንግግር ነው። እነዚህ ሰዎች ብረት ሲግል፣ ጭቃ ሲደርቅ፣ ጠፍር ሲወጠር የሚሆነውን በየዕለቱ ይፈትናሉ፤ ለሚፈትኑትም ነገር ቃል አላቸው። የእጅ ሙያ እየተለወጠ በሄደ ቍጥር እነዚህ ቃላት ሳይመዘገቡ ይጠፋሉ። ስለዚህ ከላይ የቀረቡት ስያሜዎች ተቀባይነት ቢያገኙም ባያገኙም፣ ቃላቱን ከባለሙያዎቹ አፍ መሰብሰብ ቀዳሚው ሥራ መሆን ይኖርበታል። «መስተዋት ጥጥረት አለው፤ ቻይነት ግን የለውም» የሚለው ዐረፍተ ነገር በአንድ የትምህርት መጽሐፍ ውስጥ ያለ ማብራሪያ ሲነበብና ተማሪው ሳይደናገር ሲያልፈው የስያሜው ሥራ ፍሬ አፍርቷል ማለት ይቻላል።